የገመድ ስፌት፦ ስለ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ሥራዎች

(በአቃቂ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




አቃቂ የመሐንዲስ አገር ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ ይመጣ የነበረው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ፉጨቱን የሚያሰማባት ጣቢያ ነበረች። ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። በሕንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል፤ በ1980ዎቹ የተሠራው የመለዋወጫ ዕቃና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካም ስሟን ከብረት ጋር አስተሳስሮታል። ኋላም ዘመኑ ሲለወጥ፣ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚታደሱበት፣ ለመታደስ ያልበቁት ደግሞ እየተፈቱ በየዓይነታቸው የሚለዩበት ማዕከል የተቋቋመው በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ነው። (በዚህ ንግግር ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በእንዲህ ያለ ስፍራ ለመሐንዲሶች የሚደረግ ንግግር ስለ ተርባይን ወይም ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መሆን ይገባው ነበር ይባል ይሆናል። የዛሬው ርእስ ግን አንድ ሠዓሊ ነው። ምክንያቱም መሐንዲስ «አበቃለት» ብሎ ከንብረት መዝገብ የሚሰርዘውን ዕቃ እኒህ ሠዓሊ አንሥተው፣ በውስጡ ተሰውሮ የኖረውን የእጅ ሥራ ለዓለም አሳይተዋል። ዕቃውን የሚያውቀው ባለሙያ ያላየውን ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ካየው፣ ባለሙያው ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባዋል።

ኤልያስ ስሜ በ1968 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የግራፊክ ጥበብ ተምረው በ1990 ተመረቁ። ዘመኑ የፖስተርና የመፈክር ዘመን ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ መርፌና ወደ ክር አዘነበሉ። ከቀደሙት ሥራዎቻቸው ብዙዎቹ በሸራ ላይ በክር የተሰፉ ናቸው፤ አዝራር፣ የከብት ቀንድ፣ ቆዳ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ የጠርሙስ ክዳን አለባቸው። በ2009 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ የታየው ዐውደ ርእያቸው ስያሜው «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የቴአትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ የስትራቪንስኪን «ኤዲፐስ ንጉሥ» ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመድረክ ሲያበቁ፣ በመድረኩ ላይ የተቀመጡት መንበሮች የኤልያስ እጅ ሥራዎች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራቸው ነው ለዚህ ጉባኤ ይበልጥ የሚቀርበው። በመርካቶ ከሚሸጠው የተፈታ ዕቃ የኤሌክትሪክና የስልክ ገመድ፣ ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተር ፊደል ገበታ፣ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ አካላት እየሰበሰቡ፣ ገመዱን እየጎነጎኑና እያጠፉ፣ በጥቃቅን ምስማር በእንጨት ገበታ ላይ እየመቱ፣ አንዱን ገበታ ከሌላው እያገጣጠሙ የግድግዳ ያህል ስፋት ያለው ሥራ ያወጣሉ። ለእነዚህ ተከታታይ ሥራዎች የሰጡት የጋራ ስም «ታይትሮፕ» ይባላል፤ በአየር ላይ ተወጥሮ ሰው የሚራመድበት ገመድ ማለት ነው። የሰው ልጅ በቴክኖሎጂው፣ በወጉና በተፈጥሮው መካከል ሚዛኑን እየጠበቀ መራመዱን ለማመልከት የተመረጠ ስም ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላል። እዚህ አረንጓዴ መስክ፣ እዚያ የታረሰ ቀይ አፈር፣ በመካከሉ ወንዝ የሚመስል ጥቁር መሥመር አለ። ጠጋ ሲሉ ማሳው ይጠፋና ጉንጉኑ ይታያል። ከዚያም ይበልጥ ቢጠጉ ጉንጉኑ ራሱ ይፈታና እያንዳንዱ ገመድ፣ እያንዳንዱ ምስማር ለብቻው ቆሞ ይገኛል።

መሐንዲስ በዚህ ጊዜ ከሌላው ተመልካች የሚለይበት ነገር አለ። የስልክ ገመድ ውስጥ ያሉት ጥንዶች ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ እየተባሉ በቅደም ተከተል ይታወቃሉ። ይህ ቅደም ተከተል የተደነገገው ሠራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ፣ በጭቃማ እጁና በደካማ መብራት፣ አንዱን ደንበኛ ከሌላው ጋር እንዳያገናኝ ነው። ለውበት የታሰበ ቀለም የለበትም። በኤልያስ ሥራ ውስጥ ግን ያው ቀለም፣ ምንም ብሩሽ ሳይነካው፣ ማሳ ይሆናል፣ ጥላ ይሆናል። አንድ ቀለም ገበታውን እስኪሞላ ድረስ ገመዱን መሰብሰብ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከ2009 እስከ 2014 የሚል ዘመን የተመዘገበባቸው ሥራዎች መኖራቸው ይህንኑ ያመለክታል። አምስት ዓመት ለአንድ ሥራ! በምሕንድስና ቢሆን ኖሮ ፕሮጀክቱ ዘገየ ተብሎ የስንት ደብዳቤ መለዋወጫ በሆነ ነበር።

ይህ አሠራር ከየት መጣ ቢባል፣ ወደ ሙዚየም ከመሄድ ይልቅ ወደ እናቶች ጓዳ መግባት ይቀላል። መሶብ ስትሰፋ የታየች ሴት የምታደርገው ይኸው ነው። አክርማውና ስንደዶው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ከፊሉ ቀለም ይነከርና አለላ ይሆናል። ከዚያ ሣሩ በእስር ተይዞ ሌላው በላዩ እየተጠመጠመ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ ዙሩ በዙር ላይ ይወጣል። ሰፊዋ ንድፍ በወረቀት አትነድፍም፤ ስንተኛው ዙር ላይ ቀዩ እንደሚጀምር፣ ስንተኛው ጥልፍ ላይ ጥቁሩ እንደሚያልቅ በጭንቅላቷ ትቆጥራለች። ስፌቱ እየሰፋ ሲሄድ የአንዱ ዙር ጥልፍ ብዛት ከቀደመው ይጨምራል፤ ንድፉ ግን ሳይዛነፍ ከጫፍ ይደርሳል። ይህ ስሌት ነው። ስሌት መሆኑን ማንም ስላልነገራት ብቻ ሙያ ተብሎ ቀረ። ዛሬ ደግሞ በየገበያው የሚታየው መሶብ ከማዳበሪያ ከረጢት በተፈታ ክርና በፕላስቲክ እየተሰፋ መሆኑን ያየ ሰው፣ ኤልያስ ሣሩን በገመድ መተካታቸውን እንደ እንግዳ ነገር አይቆጥረውም። ለውጡን ከሠዓሊው በፊት ሰፊዎቹ ጀምረውታል።

በአገራችን ሥነ ጥበብ ውስጥም ቢሆን ኤልያስ ብቻቸውን የበቀሉ አይደሉም። እስክንድር ቦጎሲያን በሸራ ብቻ ሳይወሰኑ በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ ሥለዋል። ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ የሸማኔን መሣሪያ የሚያስታውሱ የቀርከሃ ፍልጦችን ጎን ለጎን እየደረደሩ፣ የክታብን ሥዕል ከዘመናዊው ጋር እያዋሐዱ ሠርተው በ1992 በዳካር ቢዬናሌ የመጀመሪያውን ሽልማት አግኝተዋል። በደቡብ አፍሪካ የዙሉ ጥበበኞች በቀለማማ የስልክ ሽቦ ሰፌድ ሰፍተዋል፤ ጋናዊው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዙ ጋቢ የሚመስል መጋረጃ አውጥተዋል። የኤልያስ ልዩ መሆን የተጣለ ዕቃ ከማንሣታቸው ላይ አይደለም። የመረጡት ዕቃ ራሱ ከሽመና የተወለደ መሆኑ ላይ ነው።

ይህ አባባል ማብራሪያ ይፈልጋል። ፈረንሳዊው ዣካር በ1804 ገደማ በተበሳ ካርድ የሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ክሩ ይነሣ ወይም አይነሣ የሚለውን ትእዛዝ የሚሰጠው በካርዱ ላይ ቀዳዳ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነበር። ቻርልስ ባቤጅ ይህንኑ ካርድ ላሰበው የስሌት ሞተር ወሰደው፤ ኋላም ሆለሪዝ በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ የተበሳ ካርድ አዋለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኮምፒውተር ትውስታ ማለት በሽቦ መረብ ላይ የተሰኩ ጥቃቅን የፌራይት ቀለበቶች ነበሩ፤ ብዙውን የሚሰኩትም ሴቶች ነበሩ፣ በእጃቸው፣ በመርፌ። በ1969 ሰውን ጨረቃ ላይ ያሳረፈችው የአፖሎ መንኮራኩር የምትመራበት ፕሮግራም ማሳቹሴትስ ውስጥ በሴቶች እጅ ተሸምኖ ነበር ማለት ይቻላል። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በውጭ በኩል ካለፈ ዜሮ። አንዲት ሽቦ ከተሳሳተች ፕሮግራሙ ተሳሳተ ማለት ነበር።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለቱን ሲያወጣ ክር እያነሣና እየጣለ የሚያደርገው ከዚህ በምን ይለያል? በመሠረቱ በምንም። ልዩነቱ አንዱ በየኮሌጁ መማሪያ ሆኖ ሌላው መናቂያ መሆኑ ነው።

መናቂያ የሚለው ቃል ከባድ ቢሆንም እውነቱን መሸፈን አይገባም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ለዘመናት ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። የቋንቋው ምስክርነት ደግሞ ከዐዋጁ ይብሳል። «ጠቢብ» ማለት ዐዋቂ ማለት ነው፤ ብረት ሠሪው የተሰደበበት «ጠይብ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ከ«ጠቢብ» ጋር ይዛመዳል። ዐዋቂነት ራሱ ስድብ ሆኖ የተሰጠበት አገር ነው። የቀሚሱን ጠርዝ «ጥበብ» ብሎ እየጠራ፣ ያንን ጥበብ የሸመነውን ሰው በማዕድ የማያቀርብ ኅብረተሰብ ብዙ ዘመን ኖሯል።

ይህ ጉዳይ የጥንት ታሪክ ነው ብሎ ለመተው የሚቸኩል ካለ፣ የዛሬውን የመሥሪያ ቤት ልማድ ይመልከት። ዲግሪ የያዘው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ፓነሉን የሚከፍተው፣ ገመዱን የሚገፈው፣ ሶልደሩን የሚያቀልጠው ሌላ ነው፤ ደመወዙም፣ መጠሪያውም፣ ሻይ የሚጠጣበት ክፍልም ሌላ ነው። በእጁ አንዲት ማያያዣ በወጉ ሳይበይድ የተመረቀ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ብርቅ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዱ በዚህ ይኮራል። የኤልያስን ሥራ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ መሐንዲስ ይህ ኩራት ጥቂት ሊከብደው ይገባል።

በመካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ይህንኑ ነገር በጭቃ ይናገራል። ኤልያስና የሥነ ሰብእ ባለሙያዋ፣ የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በጋራ አቋቁመውት በ2019 ተከፈተ። ስያሜው በ1979 በካንሰር ሕመም በወጣትነት ላረፈችው ሠዓሊ ለዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። ቦታው ቀድሞ የተበከለ መሬት ነበር። ሁለቱ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ስፍራ ያለውን የጥንት የቤት አሠራር አጥንተው፣ ጭቃን ከጭድ ጋር አቡክተው ግድግዳውን አቆሙ፤ ኤልያስም ግድግዳውን ሁሉ እንደ ሸራ ቆጥረው ውስብስብ ቅርጽ አወጡበት። ጭቃው እስኪቦካ መጠበቅን፣ የጭዱን መጠን በእጅ ጨብጦ ማወቅን የሚያስተምር የላቦራቶሪ ሠንጠረዥ አልነበረም፤ የሚያውቁት ሠሪዎቹ ነበሩ። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ውኃ መሆኑን መሐንዲስ ያውቃል፤ ከላይ ክዳኑ ወጣ ብሎ ከሸፈነው፣ ከታች መሠረቱ ከእርጥበት ከራቀ ግን ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ጎንደርና ላሊበላን ለማየት የሚጓዝ ሁሉ በመንገዱ ዳር ያለውን የጭቃ ቤት ሳያይ ማለፉ ያው የቆየው ልማድ ነው።

ከዚህ በኋላ የኤልያስ ስም በውጭ አገር ምን ያህል እንደ ታወቀ በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። በ2019 ከስሚዝሶንያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት ተቀበሉ፤ «ታይትሮፕ» የተባለው ዐውደ ርእይ በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ግዛት ሃሚልተን ኮሌጅ ተከፍቶ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ሙዚየሞችና ወደ ካናዳ ተዘዋወረ። በ2022 በቬኒስ ቢዬናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ተሳተፉ፤ በ2024 ደግሞ በዚያችው ከተማ «ፊትና ጀርባ» የሚል የራሳቸውን ዐውደ ርእይ አሳዩ።

ነገር ግን ከሙገሳው ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ አተረጓጎም አለ፤ እርሱ መታረም አለበት። «ቆሻሻን ወደ ወርቅ የለወጠ» ይባላል። ይህ አባባል በሁለት በኩል ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ አይፈቅድም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በተዘጋጀው ጥናት መሠረት በ2022 በዓለም የተጣለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ለመዋሉ መረጃ የተያዘለት 22.3 ከመቶ ብቻ ነው። የአንድ ሠዓሊ ግድግዳ ይህንን ሊቀንስ አይችልም፤ ሊቀንስም አልተነሣም። ሁለተኛ፣ ዕቃው ቀድሞውንም ቆሻሻ አልነበረም። በአንድ ቶን የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ውስጥ ያለው ወርቅ ከአንድ ቶን የማዕድን ድንጋይ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መዳቡማ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ይደርሳል። ይህን መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለው ነጋዴና በየሰፈሩ እየተጣራ የሚያልፈው ቆራሌው ከብዙ ባለ ዲግሪ አስቀድመው ያውቁታል።

ችግሩ የሚያውቁት በምን ዋጋ ነው የሚለው ነው። መዳቡን ፈጥኖ ለማውጣት አቋራጩ መንገድ ገመዱን በእሳት ማቃጠል ነው። የገመዱ ልባስ ፒ.ቪ.ሲ. ከሆነ በሚቃጠልበት ጊዜ የሚወጣው ጢስ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝና ዳዮክሲን አለበት። በ183 ዲግሪ የሚቀልጠው የቀድሞው ሶልደር ከሲሶ በላይ እርሳስ ነው፤ በሰርኪዩት ቦርዱ ሙጫ ውስጥ ደግሞ እሳት እንዳይዘው የተጨመረ ብሮሚን ይገኛል። አውሮፓ እርሳሱን በአዳዲስ ዕቃዎች ላይ በ2006 ከለከለች፤ ከዚያ በፊት የተሠራው አሮጌ ዕቃ ግን እርሳሱን እንደ ያዘ ነው። በአገራችንም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 በ2018 ወጥቷል። ደንብ ግን ጓንት አይሆንም። ጢሱን የሚተነፍሰው ወጣት ደንቡን አያነብም፤ የሚያነበው መሐንዲስ ደግሞ ጢሱን አይተነፍስም።

እዚህ ላይ የኤልያስ ሥራ ለሙያው የሚያቀርበው ጥያቄ ከሥነ ጥበብ ዐልፎ የዲዛይን ጥያቄ ይሆናል። አቃጣዩ የሚፈልገው መዳቡን ነው፤ ልባሱ ለእርሱ እንቅፋት ነው። ሠዓሊው የሚፈልጉት ልባሱን ጭምር ነው፤ ማሳውን የሚሠራላቸው ቀለሙ ነውና። ስለዚህ አንድ ዓይነት ገመድ ሁለት ገዢ አለው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ገዢ እሳት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ገመዱን ሳይቆርጥ በትዕግሥት የሚፈታ እጅ ነው። በአቃቂው ማዕከል የታሰበው ሥራም ይኸው ነበር፤ ማቃጠል ሳይሆን መፍታት፣ መስበር ሳይሆን በየዓይነቱ መለየት።

መፍታት ግን የሚቻለው እንዲፈታ ሆኖ የተሠራ ዕቃ ሲሆን ነው። ከ20 ወይም ከ25 ዓመት በፊት የተሠራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር በአንድ ካቻቪቴ እስከ መጨረሻው ይፈታል፤ ብሎኑ ይታያል፣ ገመዱ በመሰኪያ ተያይዟል፣ ቦርዱ ሳይሰበር ይወጣል። የአሁኑ ስልክና ቀጭን ኮምፒውተር ግን ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ገመዱ እንደ ወረቀት የሳሳ ፊልም ሆኖ፣ ብዙው አካል በአንድ ቺፕ ውስጥ ተጠቃልሎ ይመጣል። ሲከፍቱት ይሰበራል። የሚጎነጎን ገመድ፣ የሚለቀም ቁልፍ የለውም። ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚመጣ ሠዓሊ ከዚህ ዕቃ ምን ሊሰፋ እንደሚችል መገመት ያስቸግራል፤ በአቃቂ ጠረጴዛ ላይ መፍቻውን ይዞ የሚቀመጠው ሠራተኛም የሚገጥመው ያው ማጣበቂያ ነው።